ወጥተው የቀሩት ልጆቻችንና የእድራችን መዝገብ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው በዛሬው ጉባኤ ላይ ጥቂት ቃል እንድናሰማ ያዘዘን ንግግር የምናውቅ ሆነን አይደለም፤ መዝገቡን ለረጅም ዘመን የያዝን በመሆናችን ነው። ስለዚህ ከመዝገቡ ብዙ አንርቅም። ስንሳሳት አርሙን።

ጉዳዩ ይህ ነው። በዛሬው አጀንዳ ሦስተኛ ተራ ላይ «በውጭ አገር ስለሚኖሩ የሰፈራችን ተወላጆች» የሚል ነጥብ ተይዟል። እነዚህ ሰዎች በእድሩ አባልነት ይመዝገቡ ወይስ አይመዝገቡ ነው ጥያቄው። ነገሩ በድምፅ የሚወሰን ስለ ሆነ፣ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የሰማነውንና ያየነውን እንድትሰሙልን እንለምናለን።

ባለፈው ዓመት በጥምቀት ሰሞን አንድ ወንድማችን ከአሜሪካ መጥቶ ቤታችን ድረስ ጠየቀን። አብረን ኳስ የተራገጥን አብሮ አደጋችን ነው። ከሰፈራችን የወጣው በ1970 ዓ.ም. በሌሊት ነው። ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ራሱ ነጭ ሆኗል። ቡናውን ከጠጣ በኋላ «መዝገቡ አሁንም እናንተ ቤት ነው?» አለን። ነው አልነው። «ስሜ አለ?» አለ። አሮጌውን መዝገብ ከሣጥን አውጥተን አቧራውን ጠርገን ገለጥንለት። ስሙ አለ። በላዩ ላይ ግን ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ያን መስመር ያሰመርነው እኛ ነን፤ በዚህ እጃችን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቱ ሲሞቱ እናቱ አባልነቱን ወደ እሱ ስም አዛወሩት። ልጁ ከጠፋ በኋላም እኒያ እናት እንጀራ እየሸጡ በየወሩ መዋጮውን በስሙ ይከፍሉ ነበር። አንድም ወር አላጓደሉም። በ1979 ዓ.ም. ዐረፉ፤ እድራችንም በወጉ ቀበራቸው። ከዚያ ወዲያ የሚከፍል ሰው ጠፋ። ሦስት ወር አለፈ፣ ስድስት ወር አለፈ። እኛም ያኔ ወጣት ነበርን፤ ጽሕፈታቸው ጥሩ ነው ተብለን ገና ሥራውን መያዛችን ነው። ደንቡ እንደሚያዘው ሰረዝነው።

ወንድማችን መስመሩን ብዙ ካየ በኋላ «እናቴን የቀበራችሁት በማን ስም ነው?» አለን። ባንተ ስም ነው አልነው። «ታዲያ እኔ እናቴን ቀብሬ ነው የተሰረዝሁት» አለ። የምንመልሰው አጣን። ቡናው ሁለተኛ እስኪፈላ ድረስ ሁላችንም ዝም አልን።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቡን እንደገና ስናገላብጠው ከረምን። ከሰፈራችን ሰው እንዴት እንደወጣ መዝገቡ ራሱ ይናገራል። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ውጭ የሚሄደው ሰው ተማሪ ነበር፤ ብዙውም ዲግሪውን ይዞ ይመለስ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ግን የወጣው ሰው ተሰናብቶ አልወጣም። የመውጫ ቪዛ እንኳን ማግኘት መጠየቁም ያስፈራ ነበርና በእግሩ በሁመራና በመተማ ወደ ሱዳን፣ በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ ሌላውም ወደ ጅቡቲ ነው የሄደው። ገዳሪፍና ካርቱም ላይ ዓመታት የቆየ አለ። አሜሪካ በ1972 ዓ.ም. የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ብዙዎቹ ከሱዳን ወደዚያ ተሻገሩ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰፈራችን ቤት ተከራይተው ይጠባበቁ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ጎረቤቶቻችን ግንቦት 16 እና 17 ቀን በአውሮፕላን ተወሰዱ። በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ ሰው በላይ ነው የሄደው። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህም ዲቪ የሚሉት ዕጣ መጣ፤ ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይና ኩዌት ሴቶች ልጆቻችንን ጠሩ። መዝገቡ ላይ «ውጭ አገር» የሚል ማስታወሻ የሌለበት ገጽ ለማግኘት ብዙ መግለጥ ያስፈልጋል።

ታዲያ እኛ የቀረነው ስለ ሄዱት የምናውቀው ምንድነው? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የምናውቀው የሚልኩትን ነው። ስንደውልላቸው ሰላምታችን አጭር፣ ችግራችን ረዥም ነው። እንዴት ኖራችሁ ብለን ቁጭ ብለን የጠየቅናቸው ስንቶቻችን ነን? እኛም ብንሆን ያንን የጠየቅነው መዝገቡ ካሳፈረን በኋላ ነው።

ያ ወንድማችን የነገረን ይህን ነው። ዋሽንግተን ሲደርስ የመጀመሪያ ሥራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት መቁረጥ ነበር። ሌሊት ሌላ ቦታ ጥበቃ ያድራል። ኋላም ታክሲ ነዳ። «አምስት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር» አለን። አምስቱ ዓመት ዐሥር ሆነ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ልመለስ ቢል ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ የቤት ዕዳ አለ። ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም፤ እሱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። አርባ ዓመት ከኖረበት ሕንፃ ጎረቤቱን በስም የሚያውቀው ሁለቱን ብቻ ነው። «ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነው» አለ። ስለ አገሩ አላማረረም። አስተምሮኛል፣ ልጆቼን አሳድጎልኛል፣ በሌሊት በሬን የሚያንኳኳ የለም ነው ያለው። ይህንንም መናገር ተገቢ ስለ ሆነ ተናገርን።

የእናቱን ሞት የሰማበትን ነገር ግን ዛሬም ሲናገረው ድምፁ ይለወጣል። ያኔ እንደ አሁኑ በኪስ ስልክ የለም። ውጭ አገር ለመደወል ቴሌ ሄዶ ተራ መያዝ ነበር፤ ደብዳቤም የሚላከው ፖስታ ሣጥን ባለው ሰው በኩል ነው። መርዶው የተጻፈው ለእሱ ሳይሆን ለጓደኞቹ ነበር። ጓደኞቹ የሥራውን ሁኔታ አይተው ሁለት ሳምንት ደበቁት። በአንድ እሑድ ጧት በሩ ሲንኳኳ ከፈተ፤ ሰባት ሆነው ቆመዋል። ሲያያቸው ገባው። ጮኾ እንዳያለቅስ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል ብለው መስኮቱን ዘጉ። ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፣ ሠልስት የለ። ማክሰኞ ሥራ ገባ። ወገኖቼ፣ እኛ እዚህ እናቱን ስንቀብር ሁለት መቶ ሰው ነበርን። እሱ በተዘጋ መስኮት ውስጥ ነው ያለቀሰው።

ሁለተኛዋ እኅታችን ዛሬ እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጣለች። በ1988 ዓ.ም. ወደ ጅዳ ሄደች፤ በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ አረቢያ ወረቀት የላቸውም ያለቻቸውን ስታስወጣ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን አንዷ ናት። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሰው ልጅ አሳደገች። የራሷን ልጅ ለአያቱ ትታ ነበርና ስትመለስ ልጁ «አክስቴ» አላት። በላከችው ብር የተሠራው ቤት በሌላ ሰው ስም ሆኖ ቆያት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። እሷ ስትናገር የሰማነው ትልቁ ፍርሃቷ ግን ድህነት አልነበረም። ወረቀት የሌላት ልጅ ስትሞት አስከሬኗ ሆስፒታል ውስጥ ለወራት የሚጠይቀው አጥቶ እንደሚቆይ አይታለች። «ሁልጊዜ ማታ የምጸልየው እዚህ አትግደለኝ ብዬ ነበር» አለችን። ዛሬ በለቅሶ ቤት ድስት ስትሸከም የምታዩዋት ያቺው ናት፤ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። ለምን እንደማትቀር አሁን ገባን።

ሦስተኛዋ በ1983 ዓ.ም. ከሰፈራችን የሄደችው የቤተ እስራኤል እኅታችን ናት። አምና ልጆቿን ይዛ የተከራየችበትን ክፍል ልታሳያቸው መጣች፤ ክፍሉ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል። ዘመዶቿ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ሲሄዱ በረሃ ላይ ያለቁባት ናት። በዚያ መንገድ ለቀሩት፣ አራት ሺህ ያህል ይሆናሉ፣ ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። «መቃብር ባይኖራቸውም ስም የሚጠራበት ቦታ አላቸው» አለችን። ይህን ቃል ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አገር ወጥቶ መቅረት ለታላላቆችም አልቀረም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1860 ዓ.ም. በሰባት ዓመቱ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፤ ዐፅሙ ይመለስልን ቢባል በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም አለ። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ኦክላሆማ ዐርፎ እዚያው ተቀበረ። ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ግን በ1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ሲያርፍ አስከሬኑ መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ስም ያለው ሰው እንዲህ ከሆነ የሰፈር ልጅ ምን ይሆናል? አስከሬን ማምጣት በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ወጪ አለው። የሐኪም ወረቀት፣ የአስከሬን ማድረቂያ ወረቀት፣ የኤምባሲ ማኅተም ይጠየቃል። በዚህ ምክንያት ነው በአሜሪካም በእስራኤልም ያሉ ወገኖቻችን እንደኛው እድር ያቋቋሙት።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። ከኮሚቴያችን አንድ የተከበሩ አባት እንዲህ ብለዋል። «እድር ትከሻ ነው እንጂ ዶላር አይደለም። ቃሬዛ ያልያዘ፣ ጉድጓድ ያልቆፈረ፣ በዝናብ ለቅሶ ያልቆመ ሰው እንዴት እድርተኛ ይባላል? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለውስ ለምንድነው?» ይህ ንግግር እውነት አለበትና አናቃልለውም። በገንዘብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ እድርነቱ ይቀርና የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ይሆናል።

ሆኖም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። እኛው ራሳችን፣ እዚሁ ሰፈር ያለነው፣ ለቅሶ መድረስ ተከልክለን በጥቂት ሰው ቀብረን ተመልሰናል። ጎረቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ እያለቀሰ በስልክ እግዚአብሔር ያጥናችሁ ተባብለናል። ያኔ ማንም እድርተኛ አይደለህም አልተባለም። እንግዲህ ትከሻችን በታሰረ ጊዜ በስም ከቆየን፣ ትከሻቸው በሩቅ አገር የታሰረውንም በስም ብናቆያቸው ምን ይጎድልብናል? መንግሥት እንኳ የውጭ ዜግነት ለያዙ ተወላጆች በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 270 ቢጫ ካርድ የምንለውን መታወቂያ ፈቅዶላቸዋል። የእኛ መዝገብ ከአዋጅ ሲጠብ አላማረብንም።

ስለዚህ በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ወጥቶ የሚኖር አባል በሰፈሩ ተጠሪ ይሰይም። ተጠሪው መዋጮውን ይክፈል፤ ቀብርም ይቁም። ትከሻው ከቤተሰቡ ይምጣ።

ሁለተኛ፤ መዋጮው እንደማናችንም እኩል ይሁን። ዶላር ስላላቸው እጥፍ ይክፈሉ የሚል አሳብ ሰምተናል፤ አንደግፈውም። እጥፍ የከፈለ እጥፍ እናገራለሁ ይላል፤ ነገ እድሩ የማን እንደ ሆነ ይጠፋብናል።

ሦስተኛ፤ ውጭ አገር የሞተ አባል አስከሬኑ ቢመጣ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስም ይሁን በኮልፌ እንደ ሃይማኖቱ እንቅበረው። አስከሬኑ ባይመጣ ለመርዶው ድንኳን ይተከል፣ ስሙም በጉባኤ ይጠራ። ያቺ እኅታችን ስም የሚጠራበት ቦታ ያለችው ይህ ነው።

አራተኛ፤ ዘመድ የሞተበትን ሰው መርዶ እንዲያው በስልክ ጥሎ መዝጋት ይቅር። ኮሚቴው በዚያ አገር የሚያውቀውን ሰው ፈልጎ፣ ተሰብስበው እንዲነግሩት ያድርግ። ይህ ምንም ገንዘብ አያወጣም።

ለማጠቃለል አንድ ነገር እንጨምርና እንቀመጥ። ያ ወንድማችን ሊመለስ ሦስት ቀን ሲቀረው በንጋት ጡሩምባ ተነፋ። ከታችኛው መንደር አንዲት እናት ዐርፈው ነበር፤ እሱ አያውቃቸውም። ነጠላውን አጣፍቶ ከእኛ ጋር ወጣ። አስከሬኑን ተራ ይዞ ተሸከመ፤ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው እንተካህ ብንለው እንቢ አለ። ቀብሩ ሲያበቃ እንደ ደንባችን ስም ተጠራ። እኛ ስንጠራ እሱ ከጎናችን ቆሞ ያዳምጣል። ከመጀመሪያው ስም እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። መዝገቡን ስንዘጋ ምንም አላለንም፤ ባርኔጣውን አድርጎ ከሰዉ ጋር ወረደ።

ቀዩን መስመር ያሰመርነው እኛ ነን። የሚያነሣው ግን ይህ ጉባኤ ነው።

የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ በሩቅ ያሉትን በሰላም ያግባልን።