ቡድናችን የማን ይሁን?

(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከጽሕፈት ቤቱ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኛችሁ እንድታነቡት ተለጥፏል።)



የቦይ ጠረጋውና የጥበቃው ጉዳይ ቶሎ አልቆልናል። አሁን የቀረን የልጆቻችን የኳስ ቡድን ነገር ነው። «ለኳስ ደግሞ ስብሰባ ያስፈልጋል?» የሚል ድምፅ ከኋላ በኩል ሰምተናል። እኛም በመጀመሪያ እንደዚያው ብለን ነበርና አንቀየማችሁም። ትንሽ ብቻ ታገሡን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አቅም ያላቸው ሰው ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው ለቡድኑ ማልያ፣ ኳስና ታኬታ ሊገዙ፣ የአሠልጣኙንም አበል ሊከፍሉ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነገሩን። ስማቸውን እዚህ አንጠራም፤ ሰውየው ምንም ክፉ አላሰቡም። ለዚህ ደግ ሥራ ሦስት ነገር ጠየቁ። ቡድኑ በንግድ ቤታቸው ስም እንዲጠራ፣ የምዝገባ ወረቀቱ እሳቸው ዘንድ እንዲቀመጥ፣ ኮሚቴውንም እሳቸው እንዲመርጡ ነው። እውነቱን እንናገር፤ እኛ ልንፈርም ብዕር አንስተን ነበር። ልጆቹ በተቀዳደደ ጫማ ሲሮጡ እያየን ምን እንበል?

ያስቆመን በረኛው ነው። ገና ልጅ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆይቶ «እሳቸው ቢሰለቻቸውስ?» አለን። ዝም አልን። ምክንያቱም አንድ ጊዜ ደርሶብናል። ከዓመታት በፊት ሌላ ረዳት ነበረን። ሰውየው ሰፈር ሲለቅ ማልያዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቦ ሄደ። መብቱ ነው፤ በገዛ ገንዘቡ የገዛው ነው። ልጆቹ ግን በሚቀጥለው እሑድ አንዱ ቀይ ሸሚዝ፣ አንዱ የወንድሙን ሹራብ ለብሶ ወጣ። ዳኛው ማን ከማን እንደሆነ መለየት አቅቶት ጨዋታው ሳይጀመር ቀረ። ያንን ቀን የምታስታውሱ እናቶች እዚህ አላችሁ።

ስለዚህ ሳንፈርም ቀረንና ወጣቶቹን «በዓለም ላይ ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያደርግ አንብባችሁ ንገሩን» አልናቸው። እኛ ትምህርታችን ብዙ ያልዘለቀ በመሆኑ እነሱ አነበቡ፣ እኛ ጠየቅን። ያገኘነውን እናካፍላችሁ።

ከራሳችን ከተማ እንጀምር። ጊዮርጊስን የማያውቅ የለም፤ ግማሻችሁ ደጋፊው ናችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ ሲሸነፍ ትደሰታላችሁ። የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ነው። በዚያን ጊዜ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወርሮ ጦርነቱ በየግንባሩ ይካሄድ ነበር። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ሁለት የአራዳ ልጆች ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ቡድን አቋቋሙ፤ ስሙንም ከሰፈራቸው ደብር ከአራዳ ጊዮርጊስ ወሰዱ። ኋላው መንግሥት፣ ፋብሪካ ወይም መሥሪያ ቤት አልነበረም። የሰፈር ልጆች ናቸው የጀመሩት። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዘመን ስሙን ቀይረው «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሉት። አስተውሉ፤ ፋሺስቱ እንኳ የራሱን ስም ከፊት ለጠፈ እንጂ ሰፈሩን ሊያወጣው አልቻለም!

ከነፃነት በኋላ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ናቸው። የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ጦር ቡድን፣ ከአበሻ ደግሞ ጊዮርጊስ። ዋንጫውን የእንግሊዝ ጦር ወሰደው። ጊዮርጊስ የአገሩን ዋንጫ ለማንሣት እስከ 1942 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። ከዚያ ቡድን ነው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የወጡት፤ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስካረፉበት እስከ 1979 ዓ.ም. የመሩት እሳቸው ናቸው።

በደርግ ጊዜ ኳሱ በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው ተደራጀ። ጊዮርጊስም በቢራ ፋብሪካው ስም ተጠርቶ ተጫወተ። ዕድሜያችሁ የፈቀደ ታስታውሳላችሁ። ደጋፊው ግን ሜዳ ገብቶ የሚጮኸው በፋብሪካው ስም አልነበረም። ያ ዘመን አልፎ የቀደመው ስሙ ተመለሰለት። ቡናም እንዲሁ ነው፤ «ቡና ገበያ» ተብሎ ከመሥሪያ ቤት ነው የተነሣው፤ ዛሬ ግን ስታዲየም ስንገባ የምናየው ቡናማና ቢጫ የለበሰው ሕዝብ የማንም ሠራተኛ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲያሸንፍ ከተማው ያበደው ለመሥሪያ ቤት ብሎ ነው እንዴ? ይህንን የምንለው አንድ ነገር ለማሳየት ነው። በጀት የሚሰጥ አካል ይለዋወጣል፣ ይቀራልም። ሲቀር ቡድኑን ተሸክሞ የሚቆየው ደጋፊው ነው። ነገር ግን በእኛ አገር ደጋፊው ይሸከማል እንጂ ብዙ ጊዜ አይወስንም።

ደጋፊው ራሱ ባለቤት ቢሆንስ? እዚህ ላይ ወጣቶቹ ያመጡልን ታሪክ ከእንግሊዝ አገር ነው። ለንደን ውስጥ ዊምብልደን የሚባል ሰፈር አለ፤ ቡድኑ በፈረንጆች 1988 የእንግሊዝን ኤፍኤ ካፕ ከሊቨርፑል ላይ 1 ለ 0 የወሰደ ነው። ትንሽ ሰፈር፣ ትንሽ ቡድን። ባለቤቶቹ ነጋዴዎች ነበሩ። ቡድኑ ሜዳውን ለቅቆ ለዓመታት በሌላ ቡድን ሜዳ ሲጫወት ቆየ። ከዚያ ባለቤቶቹ «ሚልተን ኪንስ ወደሚባል ከተማ እናዛውረዋለን፤ እዚያ ገበያ አለ» አሉ። ርቀቱ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ አዳማ ሊደርስ ጥቂት የቀረው። ሕዝቡ ጮኸ፣ ተሰለፈ። ሆኖም በግንቦት 2002 ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚሽን ተቀምጦ እንዲሄድ ፈቀደ። የሕዝቡ ቡድን ነው ሲባል የኖረው ነገር በወረቀት የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። የምዝገባ ወረቀቱ ማን ዘንድ ይቀመጥ የምንለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሰዎቹ አልቅሰው ብቻ አልቀሩም። በቀናት ውስጥ ተሰብስበው «እንግዲያው አዲስ እንሠራለን» አሉ። በሰኔ ወር መጨረሻ ዊምብልደን ኮመን በሚባል የሕዝብ ሜዳ፣ የእኛ ጃን ሜዳ እንደማለት ነው፣ «መጫወት የሚችል ይምጣ» ብለው አስነገሩ። 230 ያህል ሰው መጣ። ከነዚያ ውስጥ መርጠው ቡድን ሠሩ፤ ስሙም ኤኤፍሲ ዊምብልደን። የመጀመሪያውን የወዳጅነት ጨዋታ 4 ለ 0 ተሸነፉ። ነገር ግን ሊያይ የመጣው ሕዝብ ከ4,600 በላይ ነበር! ይህ በዓለም የታወቀ ቡድን አይደለም፤ ከተቋቋመ ሁለት ወር ያልሞላው፣ ከላይ ሲቆጠር 9ኛው ዕርከን ላይ ሊሰለፍ የተዘጋጀ የሰፈር ቡድን ነው።

በመጀመሪያው ዓመት 3ኛ ወጡና ሳያድጉ ቀሩ። በሁለተኛው ዓመት ከ46 የሊግ ጨዋታ 42ቱን አሸንፈው፣ 4ቱን አቻ ወጥተው፣ አንድም ሳይሸነፉ ጨረሱ። ከ2003 እስከ 2004 ድረስ በሊግ 78 ጨዋታ ሳይሸነፉ ሄደዋል። እኛ ይህንን ቁጥር ስንሰማ ወጣቶቹን ሁለት ጊዜ አስደግመናቸዋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ አድገው፣ በግንቦት 2011 ሉተን ታውንን በመለያ ምት ረትተው ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ገቡ።

የቡድኑ ባለቤት ማን ነው? ደጋፊዎቹ ያቋቋሙት ማኅበር ነው። አባል በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል። አንድ አባል አንድ ድምፅ። ብዙ ያለውም፣ ጡረተኛውም እኩል አንድ እጅ ያወጣል። ይህን ስንሰማ ሳቅን። እንዴ፣ ይሄማ ዕድር ነው! እኛ ስንት ዘመን የኖርንበት ነገር ነው። የዕድራችን ድንኳን የማን ነው ቢባል የማንም አይደለም፣ የሁላችንም ነው። አንዱ ሰፈር ሲለቅ ድንኳኑን ነቅሎ አይሄድም። ወንበሩና ሳህኑም እንደዚያው። ፈረንጆቹ በሙሉ ስብሰባና በጠበቃ የደረሱበትን እኛ በጡሩምባ እንጠራራበታለን።

ሆኖም ነገሩን አሳምረን ብቻ አንነግራችሁም። ወደ ቀድሞው ሰፈራቸው ለመመለስ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። አዲሱ ሜዳ ሲሠራ ገንዘብ ሲያጥር ከደጋፊው በብድር ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰበሰቡ። ሜዳው በኅዳር 2020 ሲከፈት ደግሞ የኮሮና ጊዜ ነበርና የሠራው ሕዝብ በሩ ተዘግቶበት ጨዋታውን ከቤቱ አየ። ይህቺ ነገር ሆዳችንን በላችው። በ2022 ወደ ታች ወርደው በ2025 ተመልሰው ወጡ። እንዲሁም ማንቸስተር ውስጥ፣ ማንቸስተር ዩናይትድን አሜሪካዊ ነጋዴ ሲገዛው ያልወደዱ ደጋፊዎች በ2005 ኤፍሲ ዩናይትድ የሚባል የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ አደጉ፤ በ2015 የራሳቸውን ሜዳ ከፈቱ። በዓመቱ ግን እርስ በርስ ተጣልተው የኮሚቴ ሰዎች ሥልጣን እስከ መልቀቅ ደረሱ። የጋራ ነገር ጭቅጭቅ አያጣውም። ዕድር ውስጥ ያለን ሰዎች ይህንን ማስረዳት አያስፈልገንም፤ ባለፈው ስለ አንድ ጎደለ ተብሎ ስለተቆጠረ ብረት ድስት ስንት ሰዓት ተነታረክን?

የተነሡትን ተቃውሞዎች እንመልስ። «ዕድር ለቀብር ነው፣ ለኳስ አይደለም» ያላችሁ አባቶች ልክ ናችሁ። የዕድሩን ገንዘብ አንነካም፤ አንዲት ሳንቲም አትነካም። የቡድኑ መዝገብም ገንዘብ ያዥም ለብቻ ይሆናል። «የሰውየውን ገንዘብ መግፋት ዕብደት ነው» ያላችሁም አላችሁ። ገንዘባቸውን አንገፋም። ሊረዱን ከፈለጉ እንደማንኛችንም አባል ይሁኑ፤ የቻሉትን ይስጡ፣ በማልያው ጀርባ ላይ የንግድ ቤታቸው ስም ይጻፍ፤ ድምፃቸው ግን አንድ ነው። ይህንን ስንነግራቸው ይከፋቸው ይሆናል፤ አናውቅም። ሊሄዱም ይችላሉ። ያን ጊዜ በዚህ ዓመት ለሁሉም ልጅ ታኬታ አይኖርም። ይህንን አውቃችሁ ወስኑ ብለን ነው የምንነግራችሁ።

ያቀረብነው ሐሳብ ከየቤቱ በወር 30 ብር ነው። መቶ ቤት ቢመዘገብ በወር 3,000 ብር ይሆናል። ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ኳስና ማልያ፣ ከዚያ የሜዳና የዳኛ ክፍያ፣ ታኬታ እንደ ሁኔታው። የማይችል ቤት በጉልበት ይክፈል፤ ሜዳ ማስተካከል፣ ማልያ ማጠብ፣ ልጆቹን ሌላ ሰፈር ሲጫወቱ አጅቦ መሄድ እንደ መዋጮ ይቆጠራል። ባለፈው አንዲት እናት «የእኔ ልጆች ሴቶች ናቸው፤ እነሱስ?» ብለው ጠይቀውናል። እኛ አላሰብንበትም ነበር፣ አፈርን። እነሱም መጫወት ከፈለጉ መዝገቡ ላይ ይግቡ።

የቡድኑ ስም የሰፈሩ ስም ይሁን ብለናል፤ ይህም በእናንተ ድምፅ ይጽደቅ። የምዝገባ ወረቀቱ በዚሁ ጽሕፈት ቤት በሣጥን ይቀመጣል፤ ሦስት ቁልፍ ይኖረዋል፣ ሦስቱም በተለያየ ሰው እጅ ይሆናሉ። ኮሚቴው በየዓመቱ ይመረጣል፤ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ጽሑፉ ካልተነበበላችሁ ወጣቶቹን ጠይቁ፣ ጮክ ብለው ያነቡላችኋል።

ድምፅ የሚሰጠው በመጪው እሑድ፣ የዕድር ክፍያ ካለቀ በኋላ ድንኳን በምናስቀምጥበት ግቢ ነው። እጅ በማውጣት ይሆናል፤ ከአንድ ቤት አንድ እጅ። የቤቱ ትልቅ ካልተመቸው ሌላ ሰው ሊወክል ይችላል፤ ግን ለጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ ይንገር። በማግስቱ ለሰውየው መልሱን በጽሑፍ እናደርሳለን።

በተረፈ፣ ያረጀ ግን የሚያገለግል ታኬታ በቤታችሁ ካለ ይዛችሁ ኑ። በተለይ 41 እና 42 ቁጥር ይፈለጋል። በረኛው ጓንትም የለውም።

ከመረዳጃ ማኅበሩ ጸሐፊ
ሳንሱሲ