ኮምፒዩተርን ከኤሌክትሪክ መዋዠቅ ስለ መጠበቅ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ምሽት ላነጋግራችሁ ያሰብሁት የብዙ ቤተ ሰብ ገንዘብና ድካም ስለ ፈሰሰበት ስለ ኮምፒዩተር፣ ይልቁንም ይህን መሣሪያ ከሚዋዥቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለምንጠብቅበት ዘዴ ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አባት ከደመወዛቸው ለሁለት ዓመት ያህል ቆጥበው ለልጃቸው ኮምፒዩተር ገዙላት። ልጅቱም የመመረቂያ ጽሑፏን በዚሁ ላይ ስትሠራ ከቆየች በኋላ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ አብርታ መብራቱ እስኪመለስ ትጠብቅ ጀመር። መብራቱ በተመለሰ ጊዜ ግን አምፑሉ ከወትሮው ይልቅ ቦግ አለ፤ ወዲያውም ከጠረጴዛው ሥር የፍንዳታ ድምፅ ተሰማና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። የጥገና ባለሙያው ሣጥኑን ከፍቶ ከመረመረ በኋላ፣ የተቃጠለውን ዕቃ በሌላ መለወጥ የሚቻል ቢሆንም ጽሑፉ የተቀመጠበት ዲስክ ግን አብሮ መበላሸቱን ነገራቸው። ልጅቱ ሌላ ግልባጭ አልነበራትም። አባትየው ስለ ገንዘባቸው አዘኑ፤ እርስዋ ያለቀሰችው ግን ስለ ስድስት ወር ድካሟ ነው።

ይህን ያነሣሁበት ምክንያት፣ ብዙዎቻችን የምንፈራው የመብራቱን መጥፋት ብቻ ስለ ሆነ ነው። ዕቃውን ብዙ ጊዜ የሚያቃጥለው ግን የመብራቱ አመጣጥ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ያህል፣ በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚታደለው ኃይል 220 ቮልት መሆኑን እናስታውስ። የኮምፒዩተሩ የውስጥ ዕቃዎች ግን የሚሠሩት በ12፣ በ5ና በ3.3 ቮልት ነው። ይህን ብርቱ ኃይል እያለዘበ የሚያቀብላቸው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ክፍል ነው። እርሱም እንደ በር ጠባቂ ነውና አደጋ ሲመጣ አስቀድሞ የሚመታው እርሱ ነው፤ እርሱ ከወደቀ ደግሞ አደጋው ወደ ውስጥ ሊዘልቅ ይችላል።

ኃይሉ የሚዛባው በሦስት ዋና ዋና መንገዶች ነው። አንደኛው መድከም ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ አንድ የተለመደ የቤት ኮምፒዩተር ግን ከነስክሪኑ ብዙውን ጊዜ ከ300 ዋት አያልፍም። እንግዲህ በበዓል ዋዜማ የመንደሩ ምጣድ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጣድ አምፑላችን የሚደበዝዘው ስለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ የጎደለውን ቮልት ለማካካስ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ይግላል፤ ወይም ኮምፒዩተሩ በሥራ መካከል ይጠፋል።

ሁለተኛው ድንገተኛ ዝላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሳይነቀሉ የቀሩት ማቀዝቀዣዎችና ምጣዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ መሥመሩም እስኪረጋ ድረስ ወጣ ገባ ይላል። በክረምት ደግሞ መብረቅ በአቅራቢያው ሲወድቅ ከዚህ እጅግ የበረታ ኃይል በሽቦው ይመጣል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። በየመንደሩ የሚያልፈው መሥመር ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል ያለው ሲሆን፣ በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ኃይል 380 ቮልት ነው። ኒውትራሉ ቢበጠስ ወይም ቢላላ አንዱ ቤት ሲደበዝዝ ሌላው ቤት ወደ 380 ቮልት የተጠጋ ኃይል ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ የቤታችሁ አምፑል ያለ ልማዱ ሲንቦገቦግ፣ የጎረቤታችሁ ደግሞ ሲፈዝ ያያችሁ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱን ለመመርመር ጊዜ ሳታጠፉ ዋናውን ብሬከር አጥፉና ለአገልግሎቱ መሥሪያ ቤት አመልክቱ።

አንዳንድ ሰው፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ካገኘን ወዲህ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምን ያስፈልጋል ይል ይሆናል። የኃይሉ መብዛት ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ከግድቡ እስከ ሶኬታችን ድረስ ስንት ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ስንት ትራንስፎርመርና ምሰሶ መኖሩን እናስብ። ወንዙ ሞልቶ ሳለ የተቀደደ ቦይ ማሳውን በወጉ አያጠጣም፤ የሰፈር መሥመርም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ወደ መፍትሔው ልለፍ። የመጀመሪያው ዘዴ አንዳች ሳንቲም አያስወጣም። መብራት ሲጠፋ የኮምፒዩተሩን ገመድ ከሶኬቱ ንቀሉ፤ ሲመለስም ቢያንስ አሥር ደቂቃ ያህል ታግሣችሁ አምፑሉ መርጋቱን አይታችሁ ሰኩ። ነጎድጓድ ሲሰማም እንዲሁ አድርጉ፤ መብረቅ በኢንተርኔትና በስልክ ሽቦም ሊገባ ስለሚችል እርሱንም አብራችሁ ንቀሉ።

ሁለተኛው ትክክለኛውን ዕቃ ለይቶ መግዛት ነው። ብዙዎቻችን ዲቫይደር ገዝተን ቀይዋ መብራት ስትበራ ኮምፒዩተራችን የተጠበቀ ይመስለናል። ተራው ዲቫይደር ግን አንዱን ሶኬት ለብዙ ከማካፈል በቀር ሌላ ሥራ የለውም። የዝላይ መከላከያ ያለው ዲቫይደርም አለ፤ እርሱም ቢሆን ዝላይን በተቀበለ ቍጥር እየደከመ ይሄዳልና ለዘለዓለም አይታመንም።

ስታቢላይዘር የሚባለው ደግሞ የደከመውን ቮልት ከፍ፣ የበዛውን ዝቅ እያደረገ ወደ 220 ያቀርባል፤ አንዳንዱም መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቈጥሮ ኃይሉን የሚለቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን እርሱም አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋ ለጥቂት ደቂቃዎች ያቆያል። እነዚህ ደቂቃዎች የተሰጡን ሥራችንን አስቀምጠን ኮምፒዩተሩን በወጉ እንድንዘጋ እንጂ ሥራ እንድንቀጥል አይደለም። ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቮልት ማስተካከያ በውስጡ ያለበትን ዩፒኤስ ምረጡ። ሌዘር ማተሚያ፣ ካውያና ምድጃ ግን ከእርሱ ጋር አታያይዙ። ባትሪውም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ስለሚደክም መለወጡን አትዘንጉ።

ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ነው። የኮምፒዩተሩን ብረት ስትነኩ እጃችሁን ቀለል አድርጎ የሚነዝራችሁ ከሆነ ሶኬታችሁ ከመሬት ጋር አለመያያዙን ሊያመለክት ይችላል። ያለ መሬት ሽቦ የዝላይ መከላከያው ሥራውን በሚገባ አይፈጽምም፤ ለሰውም ሕይወት አደጋ ነው። ስለሆነም የታወቀ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ አስመርምሩ።

እዚህ ላይ ዘመዶቻቸው ከአሜሪካ ኮምፒዩተር የሚልኩላቸውን አድማጮች በተለይ ላሳስብ እወዳለሁ። የአሜሪካ የቤት ኃይል 120 ቮልት ነው። በአንዳንድ ዴስክቶፕ ጀርባ 115ና 230 የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ማዞሪያ ይገኛል፤ 115 ላይ እንዳለ በእኛ ሶኬት ቢሰካ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። ላፕቶፕ ግን ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈ ለሁለቱም ይሆናል። ባትሪውም መብራት ሲጠፋ ያቆየዋል፤ ቢሆንም ቻርጀሩን ከዝላይ አያድነውም።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚበልጠው ምክሬ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ሥራው ነው። ኮምፒዩተሩ አንድ ጽሑፍ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ ጽሑፉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ በየጥቂቱ ደቂቃ ሥራችሁን አስቀምጡ፤ በየቀኑም ማታ በፍላሽ ወይም በውጭ ዲስክ ግልባጭ አውጡና ነቅላችሁ ለብቻው አኑሩት። እንደ ተሰካ የሚያድር ግልባጭ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ሊቃጠል ይችላልና።

የጎረቤቴ ልጅ ጽሑፏን እንደገና ከመጀመሪያው ጽፋ በሚከተለው ዓመት ተመርቃለች። አሁን በቤታቸው መብራት ሲጠፋ ማንም ሳያዝዛት አስቀድማ ተነሥታ ገመዱን የምትነቅለው እርስዋ ናት፤ ፍላሹም ከጠረጴዛው ርቆ በእናቷ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። እናንተ ግን ይህን ትምህርት በእርስዋ ዋጋ እንድትገዙት አልመኝላችሁም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ነበር፤ ለኤሌክትሪክም ይሠራል።