ለማሸት የሚዘረጋ እጅ

ዛሬ በማሸት ሙያ እንጀራቸውን ሊጋግሩ ለሚያስቡ ወጣቶች ጥቂት የምንለው አለን።

በባሕር ዳር ሆቴሎች ማሳጅ ሲባል ስንሰማ ሙያው ከውጭ የመጣ ይመስለናል። ነገር ግን ወለምታ የሚያሸው፣ ስብራት የሚጠግነው ወጌሻ በአገራችን የኖረ ነው። ኳስ ተጫዋች ሲወድቅ ሮጦ ሜዳ የሚገባውንም እስከ ዛሬ ወጌሻ ነው የምንለው።

ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ሲቀዝፍ የዋለ ዓሣ አጥማጅ ትከሻው፣ ሸክም ተሸክማ የዋለች እናት ወገቧ ማታ ይናገራል። ለእነዚህ በለዘብታ የሚያሽ እጅ የአላህ ችሮታ ነው፤ የተወጠረው ጡንቻ ይላላል፣ እንቅልፍም ይመጣል። የወይራ ዘይቱ ወይም ቅቤው ጥቅሙ በዋነኛነት እጅ ቆዳን ሳይልጥ እንዲንሸራተት ማድረጉ ነው፤ አጥንት አይጠግንም። (በነገራችን ላይ፣ እህቶቻችን በሴት እጅ መታሸት ይሻሉና ሙያውን የሚማሩ ሴቶች በብዛት ያስፈልጉናል።)

ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። በጣና ዳርቻ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ታንኳ ሲሠሩ ደንገሉን አጥብቀው ያስሩታል። የላላ ታንኳ ሰው ያሰጥማልና ልክ ናቸው። የተሰበረ ክንድ ግን ታንኳ አይደለም። አጥንት ሲሰበር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥጋው ያብጣል። ቀርቀሃውና ጨርቁ ከጠበቀ እብጠቱ መሄጃ ያጣና የደም ሥሮችን ያፍናል። ደም ያጣ ጡንቻ 6 ሰዓት ገደማ ከቆየ ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል። በአገራችን በዚህ ሰበብ እጅ ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም፤ ሐኪሞች በጥናቶቻቸው ደጋግመው ጽፈውታል። ወጌሻው ክፋት አስቦ አላሰረም። ልጁ ሲያለቅስ «ቻለው» ይባላል እንጂ እስሩን ፈትቶ የሚያይ የለም። ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑ በሐዲስ መነገሩን ደግሞ አንዘንጋ።

ስለዚህ ወደ ሙያው የምትገቡ ሁሉ አስቀድማችሁ የማይነካውን እወቁ። አዲስ ስብራት አይታሽም። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ አትሹት፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ከገባ ይገድላል። መንገዱ ለተመቸው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ያስተምራል። ከአባቱ እጅ የሚማረውም ቢሆን ይህን ያህል ማወቅ አያቅተውም።

ቤታችሁ ስብራት የታሰረለት ሰው ካለ ጣቶቹን ሳትሸፍኑ ተዉአቸው። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ እስሩን ወዲያው ፍቱት። እስኪነጋም አትጠብቁ፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ወይም አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ተቋም በሌሊትም ቢሆን ውሰዱት።