ከድል በር እስከ መኪና መዞሪያ፦ የፓሪስ ኤትዋል አደባባይ ታሪክ
(በመሐንዲሶች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአማርኛ «አደባባይ» የሚለው ቃል ሁለት ዕድሜ አለው። በቀድሞው ዘመን አደባባይ ማለት ንጉሥ ወይም ሹም ለችሎት የሚቀመጥበት፣ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ የሚነገርበት፣ ባለጉዳይ ቆሞ አቤት የሚልበት ገላጣ ስፍራ ነበር። ነገሩ አደባባይ ወጣ ሲባልም ከጓዳ ወጥቶ በሰው ሁሉ ፊት ቆመ ማለት ነው። ዛሬ ግን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚማር ወጣት አደባባይ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ተሽከርካሪዎች በአንድ አቅጣጫ የሚዞሩበት ክብ የመንገድ መገናኛ መሆኑን ይመልሳል እንጂ ችሎቱም ነጋሪቱም ትዝ አይለውም። ቃሉ ሳይለወጥ ነገሩ ተለወጠ። ሰው ይቆምበት ዘንድ የተከፈተው ስፍራ፣ ሰው ሊቆምበት የማይችል ስፍራ ሆነ።

ይህ ለውጥ በብዙ ከተሞች የደረሰ ነው። ደረጃ በደረጃ ለመመርመር የሚያመቸው ግን በፓሪስ የሚገኘው የኤትዋል፣ ማለትም የኮከብ አደባባይ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፍራው በመጀመሪያ ከከተማው ውጭ የነበረ ኮረብታ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የአትክልት ቦታ ነዳፊው ሌኖትር ከቱይለሪ ቤተ መንግሥት ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚዘልቅ፣ በዛፍ የታጀበ ቀጥተኛ መሥመር ቀየሰ። ይህ ኮረብታም የመሥመሩ የዓይን ማረፊያ ሆነ። በተከታዩ መቶ ዓመት ዳገቱ ለሰረገላ እንዲቀል አናቱ ተቆርጦ ዝቅ ተደረገ። እንግዲህ በስፍራው ላይ የተፈጸመው የመጀመሪያው የምሕንድስና ሥራ ራሱ ለመንኰራኵር ሲባል የተደረገ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ናፖሊዮን በኦስተርሊትዝ ድል ባደረገ ማግሥት፣ በ1806፣ ለሠራዊቱ መታሰቢያ የሚሆን የድል በር በዚሁ ኮረብታ ላይ እንዲቆም አዘዘ። ንድፉን ያወጣው ሻልግራን በ1811 ሲሞት ሥራው ገና ብዙ ይቀረው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከዙፋኑ ወርዶ፣ ነገሥታት ተፈራርቀው፣ ሕንጻው በ1836 ተፈጸመ። ቁመቱ 50 ሜትር፣ ወርዱ 45 ሜትር፣ ውፍረቱ 22 ሜትር ያህል ነው። በ1840 የናፖሊዮን አስከሬን ከስደት አገሩ ሲመለስ በዚህ በር ሥር አለፈ። በ1885 ደራሲው ቪክቶር ሁጎ ባረፈ ጊዜ ሬሳው ሌሊቱን በበሩ ሥር አደረ፤ የፓሪስም ሕዝብ ሊሰናበተው ወጣ። ያን ጊዜ አደባባዩ በአሮጌው የአማርኛ ትርጉሙ አደባባይ ነበር።

አደባባዩ ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በአገረ ገዥው በባሮን ኦስማን እጅ ነው። ይህ ሰው ፓሪስን በቀጥተኛ ጎዳናዎች ሲከፍት፣ ከ1854 ጀምሮ አስቀድመው ከነበሩት መንገዶች ጋር ሌሎችን ጨምሮ በድል በሩ ዙሪያ 12 ጎዳናዎች እንዲገናኙ አደረገ። አደባባዩ ከዳር እስከ ዳር 240 ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ዙሪያውን አርክቴክቱ ሂቶርፍ በነደፋቸው ተመሳሳይ ቤቶች ተከበበ። እዚህ ላይ መሐንዲስን የሚያስደስት አንድ ነገር አለ። የቤቶቹ መግቢያ ወደ አደባባዩ አይመለከትም፤ በስተጀርባቸው በሚዞር ጠባብ ክብ መንገድ በኩል ነው። ስለዚህ ሰረገላ ቆሞ ሰው የሚያወርድበት ጉዳይ ከፊት ለፊቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ተወሰደ። ዛሬ የአገልግሎት መንገድ የሚባለው አሠራር ይኸው ነው። የታሰበው ግን ለፍሰት አልነበረም፤ ለዓይን ውበት ነበር።

የፈረስ ዘመን እስካለ ድረስ ይህ ሁሉ ችግር አላስከተለም። ሰረገላ ከበሩ በስተግራም ሆነ በስተቀኝ በፈለገው በኩል ያልፋል፤ እግረኛውም የፈረሱን ኮቴ እየሰማ በመካከል ይሻገራል። ፍጥነቱ ሰው ሰውን አይቶ እንዲተላለፍ ይፈቅድ ነበር። ሞተር ሲመጣ ግን 12 ጎዳናዎች በአንድ ነጥብ መገናኘታቸው ከውበትነት ወደ ጣጣነት ተለወጠ።

መላውን ያቀረበው ኤዠን ኤናር የተባለው የፓሪስ አርክቴክት ነው። ኤናር ከ1903 እስከ 1909 ስለ ፓሪስ መለወጥ ተከታታይ ጥናቶች ያሳተመ ሲሆን፣ የተሽከርካሪዎች መንገድ የሚቋረጥባቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ እየቆጠረ መረመረ። አሳቡ ለዛሬ መሐንዲስ የፊደል ያህል የታወቀ ነው። በሁለት አቅጣጫ የሚኬድባቸው አራት መንገዶች በተራ መስቀለኛ መንገድ ሲገናኙ፣ መለያያውና መቀላቀያው ተጨምሮ 32 የግጭት ነጥቦች ይገኛሉ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ በአንድ ረድፍ እንዲዞር ከተደረገ ግን 8 ብቻ ይቀራሉ፤ እነርሱም ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ግጭት የሌለባቸው ናቸው። የ12 መንገዶችን ነጥብ መቁጠር ለወዳጅ የማይመከር ሥራ ነው። በ1907 በኤትዋል በአንድ አቅጣጫ የመዞር ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዘመን በኒው ዮርክ የኮሎምበስ አደባባይም ተመሳሳይ ሥርዓት ተተክሎ ነበር።

በኤናር ንድፍ ውስጥ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረ። እግረኛው ከመንገዱ በታች በተቆፈረ መተላለፊያ ወደ መካከለኛው ክብ ገብቶ እንዲወጣ አስቦለት ነበር። መዞር ፖሊስና ትእዛዝ እንጂ ቁፋሮ አይጠይቅምና ቀድሞ የመጣው እርሱ ሆነ። የእግረኛው ድርሻ ተከትሎ እስኪመጣ ድረስ መቆየት ነበረበት። ይህ የሥራ ቅደም ተከተል ለማኅበሩ አባላት እንግዳ አይደለም።

ነገሩን የሚያከብደው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1920 ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሙታን መካከል ስሙ ያልታወቀ አንድ ወታደር ለድል በሩ ተመረጠ፤ በጥር 1921ም በበሩ ሥር ተቀበረ። በኅዳር 1923 በመቃብሩ ላይ እሳት ተለኰሰ፤ ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ይታደሳል። እንግዲህ አንድ አገር የሐዘኑን ማዕከልና የመኪናውን ማዕከል በአንድ ስፍራ አኖረ። ልጇን ያጣች እናት አበባ ይዛ ልትመጣ የምትችልበት ብቸኛ ቦታ፣ መንገዱን ቀጥ ብሎ ለመሻገር የማይቻልበት ቦታ ሆነ። ዛሬ ወደ መቃብሩ የሚሄድ ሰው ከሻንዜሊዜ ጎዳና ወይም ከማዶው ጎዳና በደረጃ ወደ ምድር ወርዶ፣ በመተላለፊያ አልፎ፣ እንደገና ወደ ብርሃን ይወጣል። የአዲስ አበባ ነዋሪም ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። በ1937 በፋሺስት እጅ ላለቁት የየካቲት 12 ሰማዕታት በስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልት ዙሪያውን መኪና የሚዞረው ነውና።

ወደ አሠራሩ እንመለስ ቢባል፣ የኤትዋል ዋና ጥያቄ ማን ማንን ያሳልፍ የሚለው ነው። በፈረንሳይ የቆየው ደንብ ከቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ መስጠት ነው። በተራ መንገድ ላይ ይህ ደንብ ጉዳት የለውም። ፈረንሳይ እንደ ኢትዮጵያ በቀኝ የሚነዳበት አገር በመሆኑ ግን በክብ ውስጥ የሚዞረው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራል፤ ከጎዳና የሚገባውም ሁልጊዜ በቀኙ ይመጣበታል። ስለሆነም ቅድሚያው የገቢው ሆነ ማለት ነው። በውስጥ ያለው ይቆማል፣ ከውጭ ያለው ይገባል፤ የገባው ደግሞ በሚቀጥለው ጎዳና አፍ ላይ በተራው ይቆማል። ጥቂት መኪና ባለ ጊዜ ይህ ይሠራል። ሲበዛ ግን ክቡ ይሞላል፤ ለመውጣት የሚፈልገውም መውጫውን የዘጋበት ለመውጣት የሚጠብቅ ሌላ ነው። ከ12 በር ውኃ የሚቀበል ማጠራቀሚያ መፍሰሻው ሲደፈን እንደ ማለት ነው።

ይህን ቋጠሮ የፈቱት እንግሊዞች ናቸው። በ1966 ገቢው በውስጥ ላለው እንዲያሳልፍ ደነገጉ፤ ሰልፉም ከክቡ ውስጥ ወጥቶ በመግቢያው መንገድ ላይ ሆነ። አንዲት የቅድሚያ ደንብ ያለ ሲሚንቶና ያለ ብረት የመንገድን አቅም ለወጠች። ፈረንሳይም በ1983 ባወጣችው ድንጋጌ ይህንኑ ደንብ ምልክት ለተተከለባቸው መዞሪያዎች ተቀበለች፤ በኢትዮጵያም አሽከርካሪው የሚያውቀው ይኸው ነው። ኤትዋል ግን በአሮጌው ሥርዓት ቀረ። የረድፍ መሥመር በሌለበት ሰፊ የድንጋይ ንጣፍ ላይ ሁሉም ዓይን ለዓይን እየተያየ ይሹለከለካል። ለጎብኚ ትርምስ ይመስላል፤ በእርግጥም ነው። ሆኖም ማንም በሙሉ መብት ስለማይነዳ ሁሉም ቀስ ይላል፤ የአሮጌው ደንብ አንድ በጎ ጎን ይህ ነው ለማለት ይቻላል።

የቀረው ከምድር በታች ተሠራ። የከተማው ባቡር ከ1900 ጀምሮ በሥሩ ያልፋል፤ በ1970 ፈጣኑ የክልል ባቡር ተጨመረ። ከሻንዜሊዜ ቀጥታ ወደ ማዶ የሚሻገር መኪናም የራሱ ዋሻ አለው። በዚያው በ1970 ጄኔራል ደጎል ሲሞቱ አደባባዩ በስማቸው ተሰየመ፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም ኤትዋል ይለዋል።

የፓሪስ ከተማ ሌሎች አደባባዮቿን ከመኪና እያስመለሰች ነው። የሪፐብሊክ አደባባይ በ2013 አብዛኛው ለእግረኛ ተሰጠ። በባስቲል ደግሞ መኪና ይዞረው የነበረው ዓምድ በአንድ ጎኑ መንገዱ ተዘግቶ ከእግረኛው መሬት ጋር ተያያዘ፤ ደሴት የነበረው ልሳነ ምድር ሆነ። በኤትዋል ይህ ዘዴ አያመችም። ከ12ቱ ጎዳናዎች መካከል የትኛው ይዘጋ? የኦስማን እኩል ክፍፍል ለማንም ጎን አያደላምና፣ ያን ጊዜ ጌጡ የነበረው ዛሬ እስራቱ ሆኗል።

በመስከረም 2021 ግን አንድ ነገር ሆነ። ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉት ባልና ሚስት ሠዓልያን ከብዙ ዘመን በፊት ያሰቡት ሥራ ከሞታቸው በኋላ ተፈጽሞ፣ የድል በሩ በ25000 ካሬ ሜትር ብርማ ጨርቅና በ3000 ሜትር ቀይ ገመድ ተጠቀለለ። ሥራው ለ16 ቀናት ቆየ፤ በእነዚያ ሦስት የዕረፍት ቀናት ሳምንቶች አደባባዩ ለመኪና ተዘጋ። ሕዝቡም ከ12ቱም ጎዳናዎች በእግሩ መጣ። ደረጃ መውረድ ሳያስፈልገው፣ መኪና በሚሽከረከርበት ድንጋይ ላይ እየተራመደ እስከ በሩ እግር ደረሰ፤ ብዙውም ሰው ሌላ ጉዳይ ሳይኖረው እዚያው መካከል ላይ ቆሞ ቀና ብሎ ይመለከት ነበር።