ስለ መንታ ሕፃናትና ስለ ታላቅ እኅታቸው የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ነገር ለጉባኤ የሚበቃ የማይመስል፥ በየቤቱ ጓዳ ተሸፍኖ የሚኖር ነገር ነው። ይኸውም ሕፃናት በበዙበት ቤት፥ ይልቁንም መንታ በተወለደበት ቤት፥ ቀኑ እንዴት እንደሚውልና ከዚያ ቤት ወደ ትምህርት ቤት በሚላከው ልጅ ላይ ምን እንደሚደርስ ነው። የምነግራችሁም ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ብቻ ሳይሆን በራሴ ቤት ያየሁትንና የበደልሁትን ጭምር ነው።

መንታ በእኛ አህጕር እንግዳ ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፥ በአፍሪካ ከ1000 ወሊድ 17 ያህሉ የመንታ ወሊድ ነው። መንታም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአንድ ፅንስ ተከፍለው የሚወለዱ አሉ፤ እነዚህ ጾታቸው አንድ ነው፥ መልካቸውም እጅግ ይመሳሰላል። ከሁለት ፅንስ የሚገኙት ግን በአንድ ማሕፀን አብረው ከረሙ እንጂ፥ ተራ በተራ ከተወለዱ ወንድምና እኅት የበለጠ የሚመሳሰሉበት ምክንያት የለም። የእኔ መንቶች ወንድና ሴት ስለ ሆኑ ከነዚህ ከኋለኞቹ ወገን ናቸው። እርሱ ወፍራምና ቸኳይ ነው፤ እርስዋ ቀጭንና ዝምተኛ ናት። እኛ ግን ሁለቱን እንደ አንድ ሰው ቈጥረን «መንቶቹ በሉ? መንቶቹ ተኙ?» እያልን እንጠይቅ ነበር።

መንቶቹ 14 ወር በሆናቸው ጊዜ ታላቂቱ ልጃችን 8 ዓመቷ ነበረ፤ በመካከል የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አለ። ቤታችን እንዲህ ይነጋ ነበር። ዶሮ ሲጮኽ አንደኛው ሕፃን ይነቃል፤ በልቅሶውም ሁለተኛይቱን ይቀሰቅሳል። እናታቸው አንዱን ስታጠባ ሌላው ይጮኻል። ወንዱ ድክ ድክ ማለት ጀምሮ ስለ ነበረ ወደ ምድጃው ይሄዳል፤ ሴቲቱ ገና በዳዴ ስለ ነበረች ወደ እንስራው ትሄዳለች፤ አንድ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት ወገን ሊሮጥ አይችልም። የአራት ዓመቱ ልጅ ይህን ሁሉ አይቶ፥ እኔም በአንቀልባ ካልታዘልሁ ብሎ ያለቅሳል። ትልቅ ልጅ ሆኖ ሳለ ምን ነካው ብለን እንቈጣው ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ሁለት ሰው መጥቶ ቦታውን የወሰደበት ልጅ ቢያለቅስ የሚያስደንቅ አልነበረም።

የእናት ጡት ሁለት ነው፤ ጀርባዋ ግን አንድ ነው። ጡቱስ ይበቃል፤ ወተት በተጠባ መጠን የሚጨምር ስለ ሆነ፥ በሚገባ የምትበላና የምታርፍ እናት ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እስከ 6 ወር በጡት ብቻ ልታሳድግ ትችላለች። የማይበቃው ጀርባው ነው። ውሃ ስትቀዳ፥ እንጀራ ስትጋግር፥ ገበያ ስትወጣ፥ ሁለተኛውን ሕፃን የሚያዝል ጀርባ ከወዴት ይመጣል? በእኛ ቤት ከታላቂቱ ልጅ መጣ።

ልጄ የምትማረው እኔ በማስተምርበት ክፍል ነበረ፤ የስም መጥሪያውን መዝገብ የምይዘውም እኔው ነበርሁ። የሌላ ሰው ልጅ ስትቀር «ቀሪ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሦስት ቀን ከቀረችም አባቷን አስጠርቼ እወቅሳለሁ። የራሴ ልጅ ስትቀር ግን «በፈቃድ» ብዬ እጽፍ ነበር። እናቷ ተቸግራለች፥ ነገ ትመጣለች፥ ማታ እኔው አስጠናታለሁ እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። ማታ ግን ልጅቱ ሕፃኑን ከጀርባዋ እንዳወረደች እዚያው ትተኛለች።

አንድ ቀን እንደ ልማዴ ስለ ልጃቸው መቅረት ልወቅሳቸው ያስጠራኋቸው አንድ ሽማግሌ፥ ነገሬን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ፥ «መምህር፥ ልጆቹ እንደሚያወሩት የእኔ ልጅ ስትቀር ቀሪ ይሏታል፤ የርስዎ ስትቀር በፈቃድ ይሏታል። ፈቃዱን የሰጠ ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ መዝገቡን ገልጬ ብቈጥር፥ ልጄ በአንደኛው ወሰነ ትምህርት ብቻ 31 ቀን ቀርታ አገኘሁ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ደረሰ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ቤታችን መጥታ፥ የመንቶቹን ክንድ ባለ ቀለም በሆነው መለኪያ ለካች። የወንዱ አረንጓዴ ሆነ፤ የሴቲቱ ግን 12 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ቢጫው ላይ ዐረፈ። መለኪያው ከ12.5 በታች ሲያሳይ ሕፃኑ ምግብ እንደ ጐደለው፥ ከ11.5 በታች ሲሆን ግን ለሕይወቱ የሚያሰጋ ስለ ሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ እንደሚገባው አስረዳችን። እናቷ ደንግጣ «ሁለቱም የሚበሉት አንድ ምግብ ነው» አለች። በዚህ ጊዜ ታላቂቱ ልጅ ከጥግ ሆና «ከአንድ ሳሕን ነዋ የሚበሉት፤ እሱ ቶሎ ቶሎ ይበላባታል» አለች። ቀን ቀን ስታጐርሳቸው የኖረች እርስዋ ነበረች፤ እኛ አልጠየቅናትም፥ እርስዋም አልነገረችንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሕናቸው ሁለት ሆነ፤ ለሴቲቱም ከምጥን የተሠራ ገንፎ በዘይት፥ ሲገኝም ከዕንቍላል ጋራ፥ ከሌሎቹ አስቀድሞ ይሰጣት ጀመር። ከሁለት ወር በኋላ ክንዷ አረንጓዴው ላይ ደረሰ።

የቤቱንም ሥራ እንደ ገና አከፋፈልን። ውሃውን ሳይነጋ በአህያ የምቀዳ እኔ ሆንሁ። እንጀራ የሚጋገረው ከትምህርት በኋላ፥ እኔ ሁለቱን ሕፃናት ይዤ በምቀመጥበት ሰዓት ሆነ። በገበያ ቀን አንዲት ባልቴት ጐረቤታችን ከመንቶቹ ጋራ ይውላሉ፤ እኛም እንጨታቸውን እንፈልጥላቸዋለን። አንዱን ሕፃን በአንቀልባ አዝዬ በመንደር ሳልፍ የሳቁ ሰዎች ነበሩ። ከሳቁትም አንዳንዶቹ አሁን እዚህ ተቀምጠው ያዩኛል።

ለመምህራን አንድ ነገር ልጨምር። መንቶች ብዙ ጊዜ ከሌሎች ሕፃናት ዘግይተው መናገር ይጀምራሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ፥ ትልልቅ ሰዎች ለሁለቱ ባንድነት እንጂ ለእያንዳንዳቸው ለብቻ እምብዛም ስለማይናገሩ ነው፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው በራሳቸው አፍ ይግባባሉ። እንዲህ ያሉ ልጆች ወደ ክፍላችሁ ሲመጡ ደካሞች ናቸው ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኵሉ፤ እያንዳንዱን በስሙ ጥሩ፥ እያንዳንዱንም ለብቻው ጠይቁ። በእኛ ቤት ወንዱ አስቀድሞ ሲራመድ «ወፌ ቆመች» እያልን ስናጨበጭብ፥ ሴቲቱ ተቀምጣ ታይ ነበር። በሁለት ወር ዘግይታ ስትቆም ጭብጨባው እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ልጄ ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት። ማካፈል ላይ ትደክማለች፤ እነዚያ 31 ቀኖች በወደቁበት ጊዜ ክፍሉ ማባዛትን ይማር ነበርና።

እናንተ መምህራን፥ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ስትመለሱ መዝገባችሁን ገልጣችሁ፥ ዘወትር የሚቀሩትን ሴቶች ልጆች ስም ለይታችሁ አውጡ፤ በየቤታቸውም ስንት ሕፃን እንዳለ ጠይቁ። እናንተ ሽማግሌዎች ደግሞ ስሙን ከመምህሩ ተቀብላችሁ፥ በገበያና በእንጀራ ቀን ሕፃናቱን ማን ሊይዝ እንደሚችል በዕድራችሁ ተነጋገሩ። አባትየውን መጥራት ቢያስፈልግ፥ እባካችሁ እኔንም አብራችሁ ጥሩኝ፤ እመጣለሁ።