ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ

  

የዛሬው ርእሳችን ብዙ ቤተሰብ በር ዘግቶ የሚያለቅስበት ጉዳይ ነው። አንድ ወጣት ማንም ሳይናገር «ይሰድቡኛል፣ በስሜ ይጠሩኛል» ይላል። ለብቻው መልስ ይሰጣል፣ ይቆጣል። እናት ትደነግጣለች። ጎረቤት «ጂን ይዞታል» ይላል። ሌላው «ኢማኑ ደክሞ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ለመሆኑ ይህ ነገር ምንድን ነው?

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ወስዋስ በልብ ውስጥ የሚመላለስ ክፉ ሐሳብ ነው፤ ሱረቱ ናስ ከእርሱ በአላህ እንድንጠበቅ ታስተምረናለች። ሶሓቦች ሊናገሩት የሚከብዳቸው ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በነገሯቸው ጊዜ፣ ይህ የኢማን ምልክት መሆኑን እንደገለጹላቸው ሙስሊም ዘግበዋል። ድምፅ መስማት ግን ከዚህ ይለያል። ሰውየው እናንተ አሁን እኛን እንደምትሰሙን አጥርቶ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ «ተወው፣ ምንም የለም» ብንለው አያርፍም።

ሁላችንም በውስጣችን ከራሳችን ጋር እናወራለን። ሐኪሞች ከሚሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ፣ አእምሮ ይህን የራሱን ንግግር ለይቶ ማወቅ ሲሳነው ከውጭ የመጣ ድምፅ ሆኖ ይሰማዋል የሚል ነው። መንስኤው ብዙ ነው። ስኪዞፍሬኒያ፣ ከባድ ድብርት፣ የሚጥል በሽታ፣ ኃይለኛ ትኩሳትና የረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማጣት ይገኙበታል። ጫት አብዝቶ መቃምም ሊቀሰቅሰው ወይም ሊያባብሰው ይችላል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሟቹን ድምፅ ቢሰማ ደግሞ ይህ ብቻውን እብደት አይባልም።

«ታዲያ ቁርኣን አይቀራበት?» የሚል ይኖራል። ይቀራበት እንጂ! በጂን መኖር እናምናለን፤ ዱዓና ሸሪዓዊ ሩቅያ የሙእሚን መጠጊያ ናቸው። ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከምም አዘውናል። በ322 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በአንድ መጽሐፍ የጻፉት ሁለቱ እንደማይነጣጠሉ ስለተረዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ የተሠራው የሱልጣን ቀላውን ሆስፒታልም ለአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነበረው። ሐኪም ቤት መሄድ እንግዲህ ከዲን መውጣት አይደለም።

ውድ ቤተሰቦች፣ በድምፁ እውነትነት ላይ ከታማሚው ጋር አትከራከሩ፤ አትሳቁበትም። «ምን ይልሃል?» ብላችሁ በእርጋታ ጠይቁት። ራሱን ወይም ሌላውን እንዲጎዳ የሚያዘው ከሆነ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና አድርሱት። ድምፁ ጠፋ ብላችሁ ሐኪሙን ሳታማክሩ መድኃኒቱን አታስቁሙት። ረመዳን ሲገባም ስለ ጾሙ ሐኪሙንም ዓሊሙንም ጠይቁ፤ አላህ ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷል።

ጂን እናስወጣለን ብሎ ማሰር፣ መግረፍ፣ በጭስ ማፈንና ማስራብ ግን ዙልም ነው። አእምሮውን የሳተ ሰው እስኪሻለው ድረስ ብዕር የተነሳለት፣ ኃጢአት የማይጻፍበት ነው። አላህ ያልጻፈበትን እኛ በምን ሥልጣን እንቀጣዋለን? የምንገርፈን እኛ ግን ብዕሩ አልተነሳልንም፤ እንጠየቅበታለን።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን ይፈውስልን፤ ለአስታማሚዎችም ሶብሩን ይስጥልን። አሚን።