ቶሎ እንዳይሽር የሚፈለግ ቁስል

ባለፈው ሳምንት ከለንደን አንዲት እህት ደውለው ነበር። እናታቸው ለግላኮማ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘዋል። ሐኪሙ «በአፍሪካና በካሪቢያን ተወላጆች ላይ ጠባሳው ስለሚበረታ ማይቶማይሲን እንጠቀማለን» ቢላቸው፣ እህታችን ስለ መድኃኒቱ ሲያነቡ የካንሰር መድኃኒት ሆኖ አገኙት። «እናቴ ካንሰር አለባት?» ብለው ጠየቁን። የለባቸውም።

ስለ መድኃኒቱ ከማስረዳቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልድገም፦ ግላኮማና ሞራ አንድ አይደሉም! ሞራ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ እይታ ይመለሳል። በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም። የግላኮማ ቀዶ ሕክምና የዓይኑን ግፊት ዝቅ አድርጎ የቀረውን እይታ ያተርፋል። «ተሠርቼም አልበራልኝም» እያላችሁ የምትደውሉ፣ እባካችሁ ይህን ያዙልኝ።

በዚህ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር፣ በዓይን ነጩ ላይ ትንሽ መውጫ ይከፍታል። በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዚያ እየወጣ የዓይን ነጩን በሚያለብሰው ስስ ሽፋን ሥር ይሰርጋል። ሰውነት ግን መውጫውን እንደ ማንኛውም ቁስል በጠባሳ ሊደፍነው ይጣደፋል። ከተደፈነ ግፊቱ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት በጥቁር ታካሚዎች ስስ ሽፋን ውስጥ ጠባሳ የሚሠሩ ሴሎች በዝተው እንደሚገኙ አሳይቷል። ለዓመታት የተጨመረ የግላኮማ ጠብታም ሽፋኑን ያስቆጣል። ካሪቢያን ደግሞ በሽታው የበረታበት አካባቢ ነው፤ በባርቤዶስ በተደረገው ትልቅ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 84 ከሆነ ጥቁር ነዋሪዎች ከመቶ 7ቱ ግላኮማ ተገኝቶባቸዋል።

ጠባሳውን የሚገታው ማይቶማይሲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ፣ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ይህ ሁልጊዜ ይደንቀኛል! የሴሉን ዲኤንኤ አጣብቆ እንዳይባዛ ያደርገዋል፤ የካንሰር ሴልም ይሁን ጠባሳ የሚሠራ ሴል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ የታይዋን ሐኪም ለግላኮማ አዋለው። ዛሬ ብዙ ጊዜ በሚሊ ሊትር ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ግራም ሆኖ፣ በስፖንጅ ተነክሮ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጥና በደንብ ይታጠባል። ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ፀጉር አይረግፍም።

ጉዳቱስ? ከበዛ ግፊቱ ከልክ በታች ይወርዳል፣ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ያንጠባጥባል። ከዓመታት በኋላም ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል። ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ፣ ከደበዘዘ ወይም መግል ከያዘ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ነገ አትበሉ።

አንድ ታካሚዬ ቀዶ ሕክምናው ሠምሮላቸው ሳለ «ተሻለኝ» ብለው ጠብታውን ተዉት፣ ቀጠሮም ቀሩ። ከወራት በኋላ ሲመጡ መውጫው ተደፍኖ ነበር። እንዴት እንዲህ ይደረጋል፣ ወገኖቼ? የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠብታና ክትትል የቀዶ ሕክምናው ግማሽ ናቸው!

እህቴ፣ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የቆየበትን ደቂቃ በወረቀት አስጽፈው ይያዙ፤ እናትዎ አገር ቤት ሲመጡ የሚያያቸው ሐኪም ይፈልገዋል። በሽታው በቤተሰብ ስለሚሄድ እርስዎም የዓይን ግፊትዎን ብቻ ሳይሆን የዓይን ነርቭዎንም ያስመርምሩ።